የእሷስ ተራ መቼ ነው?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምጽፍልዎ ከወገራ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ወርዶ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ገበሬ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ እንቅልፍ የነሳኝ የትልቋ ነገር ነው። አሥር ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት።

ትምህርት ቤታችን ሳተላይት ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ያስተምራል። ሁለት ክፍል፣ ሁለት መምህራን። በአንደኛው ቤት አንደኛና ሁለተኛ፣ በሌላው ሦስተኛና አራተኛ ተዳብለው ይማራሉ። በጸጥታው ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ስለነበር ከብት ሲጠብቁ የከረሙ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆችም ከልጄ ጋር ሦስተኛ ክፍል ተቀምጠዋል። በክፍሏ 31 ልጆች አሉ፤ የወተት ጥርሱ ያልረገፈም፣ ድምፁ መጎርነን የጀመረም።

ልጄ ጎበዝ ናት። ችግሩ ጉብዝናዋ ነው ልበል? የታችኛው ክፍል መምህር ለስብሰባም ለደመወዝም ወደ ወረዳ ሲሄድ፣ የእሷ መምህርት «ሂጂ ትንንሾቹን አስቆጥሪያቸው» ትላታለች። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ትውላለች። ልጄ ተማሪ መሆኗ ቀርቶ ረዳት መምህር ሆነችብኝ።

እኅቴ አዘዞ ነው የምትኖረው። ለመስቀል ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቱ ከልጄ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ በክፍል ግን እኩል ናቸው፤ የምትማረው የግል ትምህርት ቤት ነው። በእንግሊዝኛ ስትዘምር፣ የእንስሳቱን ስም ስታንበለብል፣ ልጄ አፏን ከፍታ ታያት ነበር። ያን ማታ እንጀራው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። እኅቴም አይታኝ ኖሮ «ከየካቲት ጀምሮ እኔ ጋ ትማር፤ ክፍያውን እኔ እችላለሁ» አለችኝ። ባለቤቴ «ሴት ልጅ ከእናቷ ዓይን አትርቅም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አያቷ ደግሞ «ፊደል እንደሆነ እዚህም አለ» ይላሉ። ልጄን ስጠይቃት «ጎንደር ከሄድኩ ትንንሾቹን ማን ያስነብባቸዋል?» አለችኝ።

እኔም በልጅነቴ ዘመድ ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነው። እዚህ በማስቀረቴ ልጄን ወደኋላ እየጎተትኳት ይሆን?

የጨነቃት እናት፣ ከወገራ

መልሱ

እኅት ዓለም፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በሁለተኛው ላይ እርሳስ ይዤ ሁለት ቦታ አሰመርሁ። አንደኛው ልጅሽ የጠየቀችሽ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «እሱ ሌላ ታሪክ ነው» ብለሽ ያለፍሽው። ወደ ሁለቱም እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ክፍሏ እናውራ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና።

እኔ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው። ከቤታችን በታች በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከወይራው ሥር፣ አንድ የኔታ ከሠላሳ የማያንሱ ልጆች ያስተምሩ ነበር። አንዱ ሀ ሁ ይቆጥራል፤ አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነበንባል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። የአምስት ዓመቱም የአሥራ አምስት ዓመቱም በአንድ ጥላ ሥር። ያኔ ይህን «የመምህር እጥረት» ያለው ሰው አልነበረም፤ ትምህርት ማለት ይኸው ነበር። እኔ ሴት ነኝና ለፊደል አልተላክሁም፤ ለወንድሜ ቆሎ ላደርስ እሄድና ከአጥሩ ጥግ ቁጭ እል ነበር። ማንም ሳያስቆጥረኝ ፊደሉን ከነዝርዝሩ የለቀምሁት ትልልቆቹ ትንንሾቹን ሲያስቆጥሩ በመስማት ነው። (አለንጋውን ግን አልናፍቀውም።)

ይህን የምነግርሽ ድሮን ላወድስልሽ አይደለም። ትንሽ ልጅ ከትልቅ ልጅ ጋር አንድ ቤት መቀመጡ በራሱ የሚያጎድለው ነገር እንደሌለ እንድታይልኝ ነው። የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ የአራተኛውን ትምህርት በጆሮው እየለቀመ ይከርማል፤ አራተኛ ሲገባ ግማሹ ነገር አዲስ አይሆንበትም። የአራተኛው ደግሞ ያላጠናቀቀውን የሦስተኛ ትምህርት እንደገና ይሰማል። ኮሎምቢያ የምትባል ሩቅ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ለእንዲህ ያሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ብላ አንድ አሠራር ዘርግታለች። ልጆቹ በየራሳቸው የመማሪያ መምሪያ በየአቅማቸው ይራመዳሉ፤ መምህሩ በመካከላቸው እየዞረ ይረዳቸዋል። ከየኔታ ወይራ ጥላ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ልብሽ ያለ ምክንያት አልሠጋም። ከየኔታ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ወንድሜ ዳዊት ላይ ሲደርስ ግማሽ ቀን ትንንሾቹን ሲያስቆጥር ይውል ነበር፤ ልክ እንደ ልጅሽ። ነገር ግን የራሱ ተራ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። ፀሐይ ዘወር ስትል ዳዊቱን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ የሳተውን ይታረማል፤ የሚቀጥለውን ይቀበላል። ያስተማረበት ሰዓት ከተራው ላይ አይቀነስበትም ነበር። በደብዳቤሽ ውስጥ የፈለግሁትና ያላገኘሁት ይህንን ነው። ልጅሽ ታስቆጥራለች፤ እሷንስ ማን፣ መቼ ይሰማታል?

እኔም ከዚህ ስህተት ነፃ አይደለሁም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በለሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ ሦስት ክፍል በአንድ ዳስ። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ የነገርሁትን ሁሉ ቶሎ የሚይዝ። አንደኛ ክፍሎቹን ለእሱ እተውና ለሌሎቹ ጊዜ አገኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሰኔ ላይ አንደኛ ወጣ፤ እናቱ እልልታውን አቀለጠችው፤ እኔም አጨበጨብሁ። በዓመቱ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ሲዛወር ሁለት አኃዝ ላለው ቁጥር ማካፈል እንደማይችል ታወቀ። አንደኛ የወጣው ከእሱ በታች ካሉት ጋር እየዋለ ነበርና። ጉብዝናውን ለራሴ እረፍት አውዬበት ኖሯል። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል። የልጅሽን መምህርት ለመውቀስ የማልቸኩለውም ለዚህ ነው፤ የጨነቀው መምህር ጎበዝ ልጅን እንደ ምርኩዝ ይደገፋል፤ ክፋት ኖሮበት አይደለም።

እንግዲህ «ወደኋላ እየጎተትኳት ይሆን?» ላልሽው ጥያቄ ከእኔ ይልቅ የልጅሽ ደብተር ቀድሞ ይመልስልሻል። ዛሬ ማታ ቁጭ በይና ግለጪው። ሁሉም ገጽ ከሰሌዳ የተገለበጠ ከሆነ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ቢሆንም እንኳ፣ ጥሩ ምልክት አይደለም። በተዳበለ ክፍል መምህሯ አራተኛዎቹን ስታስተምር ሦስተኛዎቹ ሥራ ይዘው መቆየት አለባቸው፤ ያ ሥራ በብዙ ቦታ «ገልብጡ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከመካከሉ ራሷ የፈጠረቻቸው ዓረፍተ ነገሮች፣ ተሳስታ ያረመቻቸው ሒሳቦች፣ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት ካለ ግን ትንሽ ተንፍሺ።

ከዚያ አይታው የማታውቀውን ጽሑፍ ስጫት። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ተይው፤ እሱን በቃሏ ይዛዋለች። አንቺ ጤና ጣቢያ የሚሰጧችሁ ስለ እጅ መታጠብ የሚያወሩ በራሪ ወረቀቶች አሉሽ አይደል? እሱ ይበቃል። ታንብብልሽና ወረቀቱን ወስደሽ «ምን ይላል?» በያት። ነገሩን በራሷ ቃል ከነገረችሽ ልጅሽ አንባቢ ናት። እየጮኸች አንብባ ምን እንዳለ ካልነገረችሽ ገና ነው፤ ይህም የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ለክፍሉ ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ሁሉም ግን «ሁለተኛ ክፍል ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ የክፍሉን ስም ተይውና የምትችለውን እይ። ለሒሳቡም እንዲሁ ከቤት ጀምሪ፤ 24 እንቁላል ሰብስበናል፣ አራት ተሰበረ፣ አያትሽ አምስት ወሰዱ፣ የቀረውን አንዱን በ12 ብር ብንሸጥ ስንት እናገኛለን በያት። መልሱን ከማግኘቷ ይልቅ እንዴት እንደጀመረችው ተመልከቺ።

ሌላም አለ። ማታ ማታ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ትያት ይሆናል፤ ልጆች ለዚህ ጥያቄ «አማርኛ» ብለው ይገላገላሉ። «ዛሬ የከበደሽ ምንድን ነው?» ብለሽ ሞክሪ። አንድ ሳምንት ሙሉ «ምንም አልከበደኝም» ካለችሽ፣ ያኔ ነው መጨነቅ ያለብሽ።

ይህን ካየሽ በኋላ ወደ መምህርቷ ሂጂ። ወይም አትሂጂ፤ ጥሪያት። በእንዲህ ያለ ቀበሌ ተከራይታ የምትኖር ወጣት መምህርት እሑድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል እኔ አውቃለሁ። ቡና አፍዪ፤ እጣን አጢሺ፤ ሁለተኛውን እስክትቀዱ ስለ ልጅሽ አታንሺ። ለዘለዓለም አታስቆጥሪያት ማለት አያስፈልግም፤ ማስቆጠሩ ለልጅሽም ጥሩ ነው፤ ለሌላ ለማስረዳት የሞከረ ሰው እውቀቱ ይጠራለታል። የምትጠይቂያት ሁለት ነገር ብቻ ነው። በሳምንት ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አትውጣብኝ፤ የወጣችበት ቀን ደግሞ የራሷ አሥር ደቂቃ ይኑራት። መምህርቷ ፊት ለብቻዋ የምታነብበት፣ የምትሳሳትበት፣ የምትታረምበት። አሥር ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። በወር ስንት እንደሚሆን አንቺው ደምሪው።

«ታዲያ ትንንሾቹን ማን ይይዛቸው?» ብትልሽ፣ እነዚያን ድምፃቸው የጎረነነውን ልጆች አስታውሻት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር ሦስተኛ ክፍል ሲቀመጥ ውስጡ ያፍራል፤ አንዳንዶቹ የሚያቋርጡት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ይህ ሐፍረት ከብዷቸው ነው። በሳምንት አንድ ቀን «ሂድ ቁጥር አስቆጥርልኝ» ቢባል ቁመቱ ነውር መሆኑ ይቀርና ክብር ይሆነዋል። ከብት ሲጠብቅ የከረመ ልጅ ቆጠራ አይቸግረውም። ተራውን ለአራት ለአምስት ልጆች ብታከፋፍለው ልጅሽም ታርፋለች፤ እነሱም ቀና ይላሉ።

የመምህሩ ወደ ወረዳ መመላለስ ግን በቡና አይፈታም። እሱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጉዳይ ነው። አንቺ የጤና ሠራተኛ ነሽና በቀበሌው ቃልሽ ይሰማል። ለደመወዝ የሚሄዱበት ቀን ከገበያ ቀን ጋር እንዲገጥም፣ ሁለቱ አንድ ቀን እንዳይጠሩ፣ የጉድኝቱ፣ ማለትም አብረው የተቧደኑት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣም የንባብ መጽሐፍ ከጉድኝቱ ማዕከል በውሰት እንዲያመጣ ብትጠይቁ ያለ ልክ አልጠየቃችሁም። ውቂያው ሳይደርስ አድርጉት፤ ከታኅሣሥ በኋላ ወላጅ ለስብሰባ አይገኝም።

አሁን ወደ አዘዞ።

የእኅትሽ ልጅ እንግሊዝኛ ያስደነገጠሽ አይገርመኝም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና ነገሩ እንደ ጌጥ የሚታለፍ አይደለም። ግን ያን ማታ የሰማሽው መዝሙርና የእንስሳት ስም ነው። በቃል የተያዘ ነገር ለእንግዳ ሲቀርብ ያምራል፤ የማታው ብርሃን ደግሞ ሁሉንም ያሳምረዋል። ያች ልጅ አይታው የማታውቀው የአማርኛ ጽሑፍ ሲሰጣት ምን ታደርጋለች? አላውቅም፤ አንቺም አላየሽም። ከተማ ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ለዓመታት ይዞት የቆየው ልኬት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነበር፤ በከተማው ከዚያ የሚበልጥ ክፍል ውስጥ ገብቼ አስተምሬአለሁ፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለውን ልጅ ስም ለማወቅ ጥር ይደርስብኝ ነበር። የልጅሽ መምህርት የ31ዱንም ስም ታውቃለች፤ የአባታቸውንም በሬ ጭምር ሳታውቅ አትቀርም። የግሉ ትምህርት ቤት ልጅ ላያበዛ ይችላል። ስለዚህ «ከተማ ነው» በሚለው አትወስኚ፤ እኅትሽን ስንት ልጅ በአንድ ክፍል እንዳለ፣ የአማርኛ ንባብ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሆነ፣ አዲስ ለሚገባ የገጠር ልጅ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂያት። ካላወቀች ትጠይቅልሽ።

በየካቲት መዛወሩን ግን አልወደድሁትም። በግማሽ ዓመት የምትገባ ልጅ ጓደኝነቱ ሁሉ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ነው የምትደርሰው። የአነጋገሯ ለዛ ይሳቅበታል፤ በእንግሊዝኛው ወደኋላ ትቀራለች፤ በሁለት ዓመት ከምታንሳት የአክስት ልጅ ጋር በየቀኑ ትነጻጸራለች። እስከ ዛሬ በክፍሏ የመጀመሪያ የነበረች ልጅ በአንድ ሳምንት «ሰነፍ ነኝ» ብላ ልትደመድም ትችላለች። የምትሄድ ከሆነ በመስከረም ትሂድ።

አሁን ወዳሰመርሁበት መስመር ልምጣ። «እኔም በልጅነቴ ዘመድ ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።» እኅቴ፣ እኔ ሌላ አልመሰለኝም። ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እንድትነግሪኝም አላስገድድሽም። ነገር ግን በእኛ አገር ዘመድ ቤት ሆና የተማረች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር አለ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ማን ነው? እንግዳ ሲመጣ ከመጽሐፉ ላይ የሚነሳው ማን ነው? ፈተና እያለ ጀበና የሚጥደው ማን ነው? ማንም ክፉ ሳይሆን፣ ማንም ሳይቆጣ፣ ልጅቱ ራሷ ሸክም እንዳትሆን ብላ ትሠራለች። ይህን ያየሽው ከሆነ፣ አሁን «ልላካት ወይስ ላስቀራት» ስትይ የምታመዛዝኚው ልጅሽን ነው ወይስ ያችን የድሮዋን ልጅ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ነውር የለውም፤ ግን ለይተሽ እዪያቸው። እኅትሽ ያኔ የነበርሽበት ቤት እመቤት አይደለችም። የእናትሽ ልጅ ናት፤ እንጀራው ከጉሮሮሽ አልወርድ ሲል ያየችው እሷ ብቻ ናት። ከእሷ ጋር ግልጽ ንግግር ይቻላል። የት ትተኛለች? የቤት ሥራው እንዴት ይከፋፈላል፤ ከልጇ ጋር እኩል ነው? ስትታመም ማን ይደውልልኛል? በየስንት ጊዜው ትመጣለች? ይህን ከአሁኑ መነጋገር እኅትን መጠራጠር አይደለም፤ ነገ እንዳትቀያየሙ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሙከራ አለ። ጥምቀት ቀርቧል። ልጅሽ የፋሲልን ባሕረ ጥምቀት አይታ ታውቃለች? ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱ ሄዳ ታክብር፤ የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሲመጣ ደግሞ እዚያው ለአንድ ሳምንት ትቆይ። ከአክስቷ ልጅ ጋር ደብተር ይለዋወጡ፤ አንዷ የሌላዋን ትሥራ። እኅትሽ ዓይኗን ትጣልባቸው እንጂ አታስተምራቸው። ስትመለስ «ወደድሽው?» አትበያት፤ ለጥምቀት ጎንደርን ያልወደደ ልጅ የለም። «ማታ ማታ ምን ታስቢ ነበር?» በያት።

ባለቤትሽ «ከእናቷ ዓይን አትርቅም» ሲል ነገሩን የዘጋው ይመስላል፤ እኔ ግን እዚያ ውስጥ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አያለሁ። ትምህርት ቤታችሁ እስከ አራተኛ ነው። ልጅሽ ሦስተኛ ናት። እንግዲህ ከሚቀጥለው ዓመት ቀጥሎ፣ አምስተኛ ስትገባ፣ ከእናቷ ዓይን መራቋ አይቀርም፤ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት በየቀኑ መሄድ ይመጣል። ስንት ሰዓት ይወስዳል? በክረምት የሚሞላ ወንዝ አለ? ከሰፈሩ አብረዋት የሚሄዱ ሴት ልጆች ስንት ናቸው? በገጠር ብዙ ሴት ልጆች የሚቀሩት እዚህ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር ስለ የካቲት አትከራከሪ። «አምስተኛ ክፍልን የት ነው የምትማረው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ሳትቸኩሉ፣ እህሉ ከገባ በኋላ፣ ልቡ ረጋ ሲል። ምናልባት ከጎረቤት ልጆች ጋር ቡድን ሆነው ይሄዱ ይሆናል፤ ምናልባት ያኔ አዘዞ ትክክለኛው መልስ ይሆናል። አንድ ዓመት ተኩል አላችሁ። ብዙ ነው፤ ግን ካልተነጋገራችሁበት ያልቃል።

የእኔን ሐሳብ በግልጽ ከጠየቅሽኝ፣ ንባቧ ጥሩ ሆኖ ካገኘሽውና መምህርቷ ያን አሥር ደቂቃ ከሰጠቻት፣ እስከ አራተኛ መጨረሻ ካንቺ ጋር ብትቆይ እመርጣለሁ። ንባቧ ደካማ ሆኖ፣ እዚያም የሚሰማት ሰው ከጠፋ፣ በመስከረም መላኳን አልቃወምም። በሁለቱም መካከል ግን አንቺ ራስሽ ማታ አንድ ገጽ ልታሰሚያት ትችያለሽ፤ የተማርሽ እናት መሆንሽን በደብዳቤው ሙሉ ረስተሽው ነበር። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ፤ በመድኃኒት ጣሳው ላይ ያለውን የምታነቢው አንቺ አይደለሽ?

ልጅሽ የጠየቀችሽን ደግሞ ሳትመልሺላት አትለፊ። «ትንንሾቹን ማን ያስነብባቸዋል?» ስትል ለመሄድም ላለመሄድም ምክንያቷን ነግራሻለች፤ ገና በአሥር ዓመቷ በትከሻዋ ላይ ያ ሁሉ ልጅ አለ። «እነሱን ማስነበብ የመምህራኑ ሥራ ነው፤ አንቺ የምትረጂው ስትችይ ነው» በያት። ምናልባት ታለቅሳለች፤ ምናልባትም ትስቃለች። ያን ቀን የማን ስም እንደጠራች ልብ በይ፤ ከትንንሾቹ አንዱን ወይም አንዷን ለብቻ የምትወድ ይመስለኛል። ያንን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት እንዲመጣ ጥሪው፤ በራሪ ወረቀቱን አብረው ያንብቡት። ያኔ የምታስተምረው ወዳ ይሆናል።

መምህርቷን ስትጠሪያት፣ ከቡናው ጋር ሁለት ፓኮ ጠመኔ ጨምሪላት። ወገራ ውስጥ በኅዳር ጠመኔ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።